ጓደኛችሁ «ሙከራው ውስጥ ልግባ ወይ?» ብላ ብትጠይቃችሁ

እስቲ ይህን አስቡት። ማታ ላይ ስልካችሁ ይጮኻል፤ የቅርብ ጓደኛችሁ ናት። የጡት ካንሰር እንዳለባት ካወቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ኬሞቴራፒዋን ጨርሳ ቀና ብላ ነበር፤ አሁን ግን በሽታው ተመልሷል። ዛሬ ሐኪሟ አንድ አዲስ ነገር ነግረዋታል፦ በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት አለ፤ ከፈለገች መሳተፍ ትችላለች። ብዙ ገጽ ያለው ወረቀትም ሰጥተዋታል። «አንብቢውና በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር» ብለዋታል። እሷም ትጠይቃችኋለች፦ «ምን ይሻለኛል? ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»

ምን ትመልሳላችሁ?

አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን ለማለት እንቸኩላለን። «ኧረ ግቢ! አዲስ መድኃኒት እኮ ነው፤ ምን ይቀርብሻል?» እንላለን። ወይም ደግሞ «እንዴ! የላቦራቶሪ አይጥ ልትሆኚ ነው?» እንላለን። ሁለቱም ከፍቅር የሚመጡ መልሶች ናቸው። ግን ሁለቱም ሙከራው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ መልስ ሰጥተዋል። የሕክምና ሙከራ ከሁሉ በፊት ጥያቄ ነው፤ ገና መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ። ጓደኛችሁ መጀመሪያ ማወቅ ያለባትም የተጋበዘችበት ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ነው።

ይህን ለመረዳት ከታሪክ የተሻለ መምህር የለም። ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዕጣ ለምን አስፈለገ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው፤ ቦታው ብሪታንያ። ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ወጣቶችን ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል አዲስ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ነገር ግን ብሪታንያ እጅ የገባው መጠን ለሁሉም አይበቃም። ታዲያ ለማን ይሰጥ?

ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ያለበት ቡድን አንድ ሐሳብ አመጣ። ለሁሉም ካልበቃ ቢያንስ አጋጣሚውን ለእውቀት እንጠቀምበት አሉ። 107 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍት አገኙ። 52ቱ ደግሞ የአልጋ ዕረፍት ብቻ፤ በጊዜው የተለመደው ሕክምና ያ ነበርና። የማን ዕጣ የት እንደሚወድቅ ሐኪሞቹ አስቀድመው እንዳያውቁ ምደባው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። ውጤቱ በ1948 ታተመ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4 ሰዎች፣ ከ52ቱ 14 ሰዎች ሞተዋል።

«ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ምን ነበረበት?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ሰው ነው። አዲሱን መድኃኒት ሳያስበው ጠንከር ላሉት፣ ተስፋ ላላቸው ሊሰጥ ይችላል። እነሱ ሲድኑ መድኃኒቱ ያዳናቸው ይመስላል፤ ምናልባት ግን ያለ መድኃኒቱም ይድኑ ነበር። ዕጣ ይህን ያጠፋል። ሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ስለሚሆኑ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራው ትልቅ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። በዕረፍት ብቻ የታከሙት ሕሙማን ሙከራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም። በዘመኑ ይህ ብዙ ሰው አላስደነቀም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

የቦስተን ልጆች

በእኛ ቋንቋ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሳንባ በሽታውም ለካንሰርም ያገለግላል። ለሐኪም ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ ከውጭ የሚመጣ ተሐዋስ ነው። ካንሰር ደግሞ የገዛ ራሳችን ሕዋስ መባዛቱን አላቆም ሲል የሚመጣ ነው። ስለዚህ ካንሰርን በመድኃኒት ማጥቃት ከባድ ነው፤ ጠላቱን የሚመታው መድኃኒት ጤነኛውንም ሕዋስ ይመታል።

በ1947 ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል የሕፃናት በሽታ ተመራማሪ ይህን ሞከረ። በዚያን ዘመን አጣዳፊ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) የያዘው ልጅ የሚኖረው ጥቂት ወር ነበር። ፋርበር መጀመሪያ ከፎሊክ አሲድ ጋር ዝምድና ያላቸውን ቅመሞች ለታመሙ ልጆች ሰጠ። ፎሊክ አሲድ ደም እንዲመረት የሚረዳ ቫይታሚን ነው። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በሽታው ፈጠነ። ፋርበር ከዚህ ተማረና ጥያቄውን ገለበጠው፦ ቫይታሚኑ በሽታውን ካፋጠነ፣ የቫይታሚኑን ሥራ የሚያግድ ነገር ብንሰጥስ? የሕንድ ተወላጁ የላፕራጋዳ ሱባራው የሚመራው የኬሚስቶች ቡድን አሚኖፕተሪን የተባለውን ማገጃ ሠራለት።

በሰኔ 1948 ፋርበር ውጤቱን አሳተመ። ከ16 ልጆች 10ሩ ለውጥ አሳዩ። አልጋ ላይ የቀሩ ልጆች ተነሥተው ተጫወቱ። ደስታው ግን ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ይህ ድል ነው ወይስ ሽንፈት? ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ጥቂት ወራት ነበሩ፤ ትንሽ አይደሉም፤ ግን መዳን አልነበሩም። ለኋላ ለመጡ ልጆች ደግሞ የመጀመሪያው በር ነው። ሐኪሞች በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት መድኃኒቶችን እያቀናጁ፣ ሙከራን በሙከራ ላይ እየደረቡ ሄዱ። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሉኪሚያ ዓይነት ከያዛቸው 90 በመቶ ያህሉ ይድናሉ። በሩን የከፈቱት ልጆች እና በበሩ የገቡት ልጆች ግን አንድ አይደሉም። ስለ ሙከራ የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ያርፋል።

ያልተጠየቁት 22 ሰዎች

አሁን ወደዚያች ጎደሎ ነገር እንመለስ፤ ሰውየውን ስለማሳወቅ።

በ1947 የኑረምበርግ ፍርድ ቤት በናዚ ሐኪሞች ላይ ሲፈርድ አሥር ነጥብ ያለው ሕግ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ነጥብ ሰው በራሱ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ሙከራ ሊደረግበት አይገባም ይላል። ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ብዙ የአሜሪካ ሐኪሞች ግን «ይህ ለጨካኞች የተጻፈ ነው፤ እኛን አይመለከትም» በሚል ስሜት ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1963 ቼስተር ሳውዘም የተባለ የታወቀ የካንሰር ተመራማሪ ብሩክሊን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሙከራ አደረገ። ሊያውቅ የፈለገው የታመመ ሰው አካል የሌላ ሰው የካንሰር ሕዋስ ሲገባበት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስወግደው ነው። 22 ሕሙማን ሕይወት ያላቸው የካንሰር ሕዋሳት ከቆዳቸው ሥር ተወጉ። የመከላከል አቅማቸውን ለመመርመር ነው ተባሉ። «ካንሰር» የሚለው ቃል ግን አልተነገራቸውም፤ ሳውዘም ቃሉ ያለ ምክንያት ያስደነግጣቸዋል ብሎ ነበርና። ሦስት የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪሞች እንዲተባበሩ ተጠይቀው እምቢ አሉ፤ ጉዳዩም ወደ አደባባይ ወጣ። ሳውዘም የሥራ ፈቃዱ እንዲታገድ ቢወሰንም ቅጣቱ ወደ አንድ ዓመት የክትትል ጊዜ ተቀየረለት። በ1968 ደግሞ የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያ ዘመን ቃሉን መደበቅ የሳውዘም ብቻ ልማድ አልነበረም። በ1961 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት የአሜሪካ ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አለመናገርን እንደሚመርጡ ገልጸዋል። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መናገርን መረጡ። በሃያ ዓመት ውስጥ ልማዱ ተገለበጠ።

በእኛም ዘንድ ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። ውጤቱ ለወንድም ወይም ለአጎት ይነገራል። ለታማሚዋ ግን «ትንሽ እብጠት ነው፤ ይጠፋል» ይባላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እንዳትሰበር ብለን ነው። ነገር ግን በሽታዋን ያላወቀች ሰው ስለ ሙከራ መወሰን አትችልም። የምትፈርመው ወረቀት «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ» የሚባለው መረጃው እሷ ዘንድ ከደረሰ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ጓደኛችሁን አልፎ ከሐኪም ጋር ሲመካከር ካያችሁ «እሷም ትስማ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ምናልባት ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

እንዲህ ያሉ ቅሌቶች ከተገለጡ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። በ1964 የዓለም የሕክምና ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ። ቀስ በቀስም አንድ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ገለልተኛ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲመረምረው ግድ ሆነ። ጓደኛችሁ እጅ ያለው ወፍራም ወረቀት የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። አሰልቺ ቢሆንም እነዚያ 22 ሰዎች ያላገኙት ነገር ነው።

ሦስት ደረጃዎች፣ ሦስት ጥያቄዎች

አሁን ወረቀቱን እንግለጠው። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2» ወይም «ደረጃ 3» የሚል ቃል አለ። ብዙ ሰው አንብቦ ያልፈዋል፤ ትልቁ ነገር ግን እሱ ነው።

ደረጃ 1 የሚጠይቀው «ይህ መድኃኒት በሰው ላይ ምን ያህል መጠን ድረስ ሊሰጥ ይችላል? ምን ጉዳት ያመጣል?» ነው። ብዙ ጊዜ በጥቂት ዐሥር ሰዎች ላይ ይደረጋል፤ መጠኑም በትንሹ ተጀምሮ ከፍ እየተደረገ ይሄዳል። ደረጃ 2 «ዕጢውን ያሳንሳል ወይ?» ይላል። ደረጃ 3 ደግሞ «አሁን በእጃችን ካለው ምርጥ ሕክምና ይበልጣል ወይ?» ብሎ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በዕጣ ያነጻጽራል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት እናንሣ። ብዙ ሰው «ዕጣው ክፉ ከወጣ ባዶ ክኒን ይሰጡኛል» ብሎ ይፈራል። በካንሰር ሙከራ ግን የሚሠራ ሕክምና እያለ ሰውን በባዶ ክኒን (ፕላሴቦ) ብቻ መተው ተቀባይነት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ማነጻጸሪያው ቡድን የተለመደውን ሕክምና ያገኛል። ፕላሴቦ ካለም ከተለመደው ሕክምና ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ነው፤ ይህም ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

በ1982 ፖል አፕልባም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ነገር አስተዋለ። ሙከራ ውስጥ ያሉ ሕሙማን ሁሉ ነገር ተነግሯቸውም እንኳ «ሐኪሙ ይህን የመረጠልኝ ለእኔ ስለሚሻል ነው» ብለው ያምናሉ። በሙከራ ግን ምደባውን የሚወስነው ዕጣው ወይም ዕቅዱ ነው። ይህ አለመግባባት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ቦታው ሆስፒታል ነው፤ ጋውን የለበሰው ሰው ያው ሐኪም ነው፤ መርፌውም ያው መርፌ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

ቁጥሩን እንየው። በ2005 የታተመ አንድ ትልቅ ግምገማ ከ1991 እስከ 2002 የተደረጉ 460 የደረጃ 1 የካንሰር ሙከራዎችን አየ፤ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። ዕጢያቸው በግልጽ ያነሰላቸው 10.6 በመቶ ነበሩ። በመድኃኒቱ ጉዳት የሞቱት ደግሞ ከ200 አንድ ያህል። ልብ በሉ፣ ዕጢ ማነስ ማለት መዳን ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ታሪክም አለ። በ1998 ብራያን ድሩከር ኦሪገን ውስጥ አንድን የደም ካንሰር የሚያመጣውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚያግድ ክኒን መሞከር ጀመረ። ኢማቲኒብ ይባላል። በዚያ የደረጃ 1 ሙከራ በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ። በ2001 መድኃኒቱ ጸደቀ። ስለዚህ «ደረጃ 1 ከንቱ ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ «ደረጃ 1 ያድናል» ማለትም ስሕተት ነው። የሚያዋጣው «ስለዚህኛው መድኃኒት እስካሁን ምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ መድኃኒት መደርደሪያ

ይህን ሁሉ በአንድ ታሪክ ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ አገር ቤት ኑ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ካንሰርን የሚያጠቃ ነገር ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ይሰበስቡ ነበር። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት አንዱ ሳይንሱ ማይቴነስ ከሚለው፣ በአማርኛ አጣጥ ከምንላቸው ቁጥቋጦዎች ወገን ነበር። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲያጣሩ ቆይተው በ1972 ከተክሉ ውስጥ አንድ ኃይለኛ ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን አሳወቁ። ስሙንም ሜይታንሲን አሉት። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምባቸውን ጥቃቅን ክሮች ያበላሻል። ክሮቹ ከሌሉ ሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል።

በላቦራቶሪ በጣም ጥቂቱ ብዙ ሕዋስ ይገድላል። ተስፋው ትልቅ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰው ላይ መሞከር ተጀመረ። ሕሙማኑ ሌላ አማራጭ ያለቀባቸው ነበሩ። ውጤቱ አሳዘነ፤ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የነርቭ ጉዳት መጣ። ዕጢያቸው ያነሰላቸው ግን ጥቂት ናቸው። መድኃኒቱ ጠላቱን ከወዳጁ አይለይም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ቆመ፤ ሜይታንሲን ተጣለ።

ግን እነዚያ ሕሙማን በገዛ አካላቸው ያስገኙት መልስ አልጠፋም። መልሱ «መርዙ ይሠራል፤ ብቻውን ግን አይላክ» የሚል ነበር። በኋላ የመጡ ኬሚስቶች የሜይታንሲንን ዘመድ ከአንቲቦዲ ጋር አጣበቁት። አንቲቦዲው አድራሻ እንደተጻፈበት ፖስታ ነው። ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን የበዛበትን የጡት ካንሰር ሕዋስ ፈልጎ ይይዛል፤ ሕዋሱም ፖስታውን ሲውጠው መርዙ ውስጥ ይፈታል። ከአምስት የጡት ካንሰሮች አንዱ ገደማ ይህ ፕሮቲን የበዛበት ነው።

በ2012 የታተመው የደረጃ 3 ሙከራ 991 ሰዎች ነበሩበት። ሁሉም በሽታቸው የተስፋፋና ቀድሞ የታከሙ ናቸው። አዲሱን መድኃኒት ካገኙት ግማሾቹ ከ30.9 ወር በላይ ኖሩ፤ የነበረውን ሕክምና ካገኙት ግማሾቹ ከ25.1 ወር በላይ። ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም አነስ ያለ ነበር። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ስሙ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ነው።

ከአጣጡ እስከ ፈቃዱ ግማሽ ምዕተ ዓመት። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ጓደኛችሁ የኖረችው በ1977 ቢሆንና ሜይታንሲን ቢቀርብላት ኖሮ ምን ትሏት ነበር? የ2013ን ታሪክ እያወቅን «ግቢ» ማለት ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ግን ማንም አያውቅም። እሷ የምታገኘው ምናልባት ሕመም ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱን የምታገኘው ሌላ ሴት ናት። አንዳንድ ሰው ይህን አውቆ «እሺ፣ ለሌላው ይሁን» ይላል። ሌላው «የቀረኝን ጊዜ ከልጆቼ ጋር ላሳልፍ» ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ መልሶች ናቸው። ትክክል የማይሆነው የመጀመሪያዋን ሰው የሁለተኛዋ ውጤት ይጠብቅሻል ብሎ ማስገባት ነው።

«አዲስ» ማለት «የተሻለ» ነው እንዴ?

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች አንድ ከባድ ሕክምና ዝና አገኘ። እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ያ መጠን መቅኒን ስለሚያጠፋ አስቀድሞ የተወሰደው የራሷ መቅኒ ይመለስላታል። ሐሳቡ ያሳምናል፦ ትንሽ ኬሞ ትንሽ ከረዳ፣ ብዙው ብዙ ይረዳ የለም? የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶችም ጥሩ ነበሩ። ግን ማነጻጸሪያ አልነበራቸውም፤ ለዚያ ሕክምና የሚመረጡትም ወጣትና ጠንካራ ሴቶች ነበሩ።

ኢንሹራንሶች አንከፍልም ሲሉ ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጋዜጦች ጮኹ። በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከሙከራ ውጭ ታከሙበት። በዕጣ የሚያነጻጽሩት ሙከራዎች ግን ተሳታፊ አጥተው ተጓተቱ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ለምን ዕጣ ይወጣል? በ1999 አምስት የሙከራ ውጤቶች በአንድ ጉባኤ ላይ ቀረቡ። አራቱ ሕክምናው ከተለመደው እንደማይበልጥ አሳዩ። ይበልጣል ያለው የደቡብ አፍሪካው ሐኪም ዌርነር ቤዝዎዳ ብቻ ነበር፤ በ2000 መዝገቡ ሲመረመር መረጃው የተጭበረበረ ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ያን ሁሉ ስቃይ የተሸከሙት ለምንም ነበር፤ በሕክምናው ራሱ የሞቱም ነበሩ።

ተቃራኒውንም እንይ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዊልያም ሆልስቴድ መንገድ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ጡቷን ብቻ ሳይሆን የደረት ጡንቻዋን ጭምር ታጣ ነበር። ሐኪሞች ለሰማንያ ዓመት «ብዙ መቁረጥ ብዙ ያድናል» ብለው አመኑ። በ1971 በርናርድ ፊሸር የሚመራው ቡድን ይህን በዕጣ ለመፈተን ተነሣ። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ተቆጡ። ሆኖም ከ1,600 በላይ ሴቶች ተሳተፉ። ውጤቱ ከ25 ዓመት ክትትል በኋላም አልተለወጠም፦ ጡንቻቸውን ያጡትና ያላጡት እኩል ኖሩ። ዛሬ ያ ከባድ ቀዶ ጥገና ቀርቷል ማለት ይቻላል። ያስቀሩት እነዚያ ዕጣ ለማውጣት የተስማሙ ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ ታሪክ ለ«ግቢ!» ባዮችም ለ«እንዳትገቢ!» ባዮችም ሙሉ ድጋፍ አይሰጥም። በደረጃ 3 ሙከራዎች ድምር ሲታይ አዲሱ ሕክምና አሮጌውን የሚያሸንፈው ከግማሽ በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ ነው። መሆንም ያለበት እንዲህ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ከታወቀማ ሙከራ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ወደ ስልኩ እንመለስ። ጓደኛችሁ አሁንም መልስ እየጠበቀች ነው።

መጀመሪያ የምትፈራውን ጠይቋት። መድኃኒቱን ነው? በሽታውን ነው? ወይስ «እምቢ ብል ሐኪሜ ይቀየመኛል» የሚለውን ነው? የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ንገሯት፦ እምቢ ማለት መብቷ ነው፤ ገብታ መውጣትም መብቷ ነው፤ የተለመደው ሕክምናዋ በዚህ ምክንያት ሊጓደል አይገባም።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን አስምሩበት። ከዚያ ጥያቄዎቹን በደብተር ጻፉ፦

– ይህ ሙከራ ስንተኛ ደረጃ ነው? ሊመልስ የፈለገውስ ምንድን ነው?
– መድኃኒቱ እስካሁን በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ምን ታየ?
– ባልገባ የማገኘው ሕክምና የቱ ነው? ከሱስ ምን ልጠብቅ?
– ዕጣ አለው? ማነጻጸሪያው ቡድን ምን ያገኛል?
– በወር ስንት ቀን ሆስፒታል እመላለሳለሁ? ስንት ጊዜ ደም ወይም ናሙና ይወሰዳል?
– ምርመራውን፣ መጓጓዣውን፣ ጉዳት ቢደርስ ሕክምናውን ማን ይከፍላል?
– ሌሊት ቢያመኝ ለማን ልደውል?
– መድኃኒቱ ከረዳኝና ሙከራው ካለቀ ማግኘቴን እቀጥላለሁ?

ሦስተኛ፣ ቀጠሮው ላይ አብራችሁ ሂዱ። የተጨነቀ ሰው ሐኪም ከነገረው ብዙውን አይሰማም። እናንተ ጻፉ። ከሐኪሙ ጋር አትከራከሩ፤ እሷ መጠየቅ የፈለገችው ሳይጠየቅ እንዳያልፍ ብቻ አስታውሱ። ቤት ውስጥ የምትወስደው ባህላዊ መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ እንድትነግር አበረታቷት፤ ከሙከራው መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አራተኛ፣ ከማድረግ ተቆጠቡ ስለምንላችሁ ነገር። ተአምር የሚያወራ ቪዲዮ አትላኩላት። «እገሊት ገብታ ድናለች»፣ «እገሌ ገብቶ ሞተ» አትበሏት፤ የአንድ ሰው ታሪክ ማነጻጸሪያ የለውም፤ ይህን ከመቅኒው ታሪክ አይተናል። «ጀግና ነሽ፣ ታገዪ» ማለትም አንዳንዴ ሸክም ነው። ሙከራውን የተወች ሰው ትግሉን አልተወችም፤ ጊዜዋን ለሌላ ነገር መርጣ ይሆናል።

«አንተ ብትሆንስ?» ወይም «አንቺ ብትሆኚስ?» ብላ አጥብቃ ከጠየቀች በሐቅ መልሱ፤ ግን «ይህ የእኔ ነው፤ የእኔ ሕይወት ካንቺ ይለያል» በሏት። ልጅ ያላትና የሌላት፣ ሆስፒታል አጠገብ የምትኖርና ከክፍለ ሀገር የምትመላለስ፣ ማስመለስን የምትችልና የማትችል አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቃል ግቡላት፤ ቃል የምትገቡትም የምታደርጉትን ብቻ ይሁን። «ብትገቢ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ እወስድሻለሁ። ባትገቢም ማክሰኞ እመጣለሁ፤ ቡና እንጠጣለን።» የብሩክሊኖቹ ሕሙማን የጎደላቸው እውነቱና የሚጠይቅላቸው ሰው ነበር። ለጓደኛችሁ እውነቱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ የሚጠይቅላት ሰው ደግሞ ስልኩን ያነሣው ሰው ነው።